ለሱዳን ዘጠና ይበቃል

"አሁንስ?"

"ማፊ! ምንም የለም!" አለ ማቢዮር ከውስጥ።

"አሁንስ?"

"ማፊ አልኩህ እኮ ተኬ! ዐሥራ ስምንት ላይ ተቀብሯል!"

ተካልኝ ቆርቆሮ ጣሪያው ላይ ተንበርክኮ፣ ዲሹን እንደ እምቢተኛ በግ በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዟል። ገና ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። የጁባ ፀሐይ ግን ሰዓት ማየት አታውቅም፤ ቆርቆሮው ከሱሪው አልፎ ጉልበቱን ይጠብሰዋል። ዲሹን ጥፍር ታህል ወደ ግራ ገፋና ትንፋሹን ያዘ።

ጓ! ጓ! ጓ!

ከታች አስረሳሽ በክራንቿ የምግብ ቤቷን ግድግዳ ደበደበችው። ግድግዳው የድሮ ኮንቴይነር ስለሆነ ሰፈሩ ሀይ ጀላባ በሙሉ ይሰማዋል። ጠዋት ሥራ ሲጀምሩ ሁለቱ ተስማምተው ነበር፤ አንድ ምት "ቆይ"፣ ሁለት ምት "መጣ"። ሦስት ምት ስምምነቱ ውስጥ አልነበረም። እሷ ራሷ የጨመረችው ነው፤ ትርጉሙም "አንተ የማትረባ" ነው። እስካሁን የተመታው ሦስት ብቻ ነው።

"ትሰማለህ ወይ አንተ?" ብላ ጮኸች። "ግማሽ ሰዓት ነው የቀረው! ልጄን በሰማያዊ ስክሪን ነው የምመርቃት?"

"ትንሽ ይታገሱ እትዬ አስረሳሽ!"

"ስድስት ዓመት ታግሻለሁ! አሁን ደግሞ ያንተን ልታገስ?"

እውነቷን ነው። አስረሳሽ ጁባ የገባችው የሰሜንና የደቡብ ሱዳን የሰላም ፊርማ ሳይደርቅ፣ ከተማው ጭቃና ድንኳን ብቻ በነበረ ጊዜ ነው። አንድ ልጇን ፀሎትን በዐሥራ ስድስት ዓመቷ አዲስ አበባ እህቷ ዘንድ ትታ መጣች። ከዚያ ወዲህ ዓይኗን አላየችም። ዛሬ፣ ሰኔ ሃያ አምስት፣ ፀሎት በኤሌክትሪካል ኢንጅነሪንግ ትመረቃለች። መመረቅ ብቻም አይደለም፤ አንደኛ ወጥታ ሜዳሊያ ታጠልቃለች፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥንም በቀጥታ ያሳያል። አስረሳሽ ትኬት ቆርጣ፣ ቀሚስ አሰፍታ፣ ፀጉሯን ሳይቀር ቀጠሮ አስይዛ ነበር። ከዚያ አንድ የሰከረ ቦዳ ቦዳ መጣና ከነሞተር ሳይክሉ እግሯ ላይ ወጣ። ሐኪሙ እስከ ጉልበቷ በጀሶ ጠቅልሎ "ሁለት ወር ንቅንቅ የለም" አላት።

ያኔ ነው ተካልኝ ደረቱን የነፋው። "እትዬ፣ እርስዎ ወደ ምረቃው ካልሄዱ ምረቃው ወደ እርስዎ ይመጣል። ዲሽ እተክላለሁ። ካልሠራ ስሜን ይለውጡት!"

አመነችው። ሁለት በግ አረደች፤ ከኮሎሎ እስከ ማንጋቴን የምታውቀውን ሐበሻ ሁሉ ጠራች። "ኧረ እትዬ፣ የሰኔ ፆም ነው" ሲሏት "ጁባ የከረመ ሰው የሰኔን ፆም ዓመቱን ሙሉ ጾሞታል" ብላ አባረረቻቸው።

ተካልኝ ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ስድስተኛ ክፍል ላይ እሱ ትምህርት ቤቱን ይተወው ትምህርት ቤቱ እሱን ይተወው እስካሁን አልተጣራም። ዲሽ የተማረው መርካቶ ጣሪያ ላይ ነው። እዚያ ባለ ዘጠና ሳንቲሙን ዓይኑን ጨፍኖ ያቆመዋል። ጁባ ከመጣ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ እስከዛሬ ግን የተከለው ሁሉ ለአረብ ፊልም፣ ሌላ ሳተላይት ላይ ነበር። ወደ አገር ቤት ጣቢያ ሲያዞር ይሄ የመጀመሪያው ነው። ቢሆንም ምን ልዩነት አለው? ሰማይ ሰማይ ነው፣ ዲሽ ዲሽ ነው።

ነበር።

አሁን ግን ሪሲቨሩ ስክሪን ላይ ሁለት መስመር ያሳያል። የላይኛው ጉራ ነው፤ ገመድ ብቻ ይሰካ እንጂ ዲሹን ወደ ድንጋይ ብታዞረውም ሰማኒያ ይልሃል። እውነቱን የሚናገረው የታችኛው ነው። እሱ ሠላሳ ካልገባ ሥዕል የለም። ተካልኝ ብሎኑን ፈታ፣ አጠበቀ፣ የዲሹን ዓይን፣ ኤልኤንቢውን፣ አዞረ፣ ገመዱን ቀየረ፣ ዲሹን በምራቁ ሳይቀር ወለወለ። ዐሥራ ስምንት። ተሳደበ። ዐሥራ ስምንት። ለመነው። ዐሥራ ሰባት።

"አንተ ዕቃ!" አለና ዲሹን በጥፊ መታው። ወረደ።

ምግብ ቤቱ ውስጥ ሃያ የሚሆኑ እንግዶች ነጭ በነጭ ለብሰው ሰማያዊ ስክሪን ላይ አፍጥጠዋል። አስረሳሽ ፊት ለፊት፣ የተሰበረ እግሯን የቢራ ሳጥን ላይ ሰቅላ ተቀምጣለች። አየችው። እሱም መሬት አየ።

"ስምህን ለውጬዋለሁ" አለችው። "ከዛሬ ጀምሮ ጉድሠራኝ ነህ።"

እንግዶቹ ሳቁ። ስድቡን ለምዶታል፤ ታይፎይድ ሲጥለው ሦስት ሳምንት ያስታመመችው እየሰደበች ነው፣ ስድቧ ነው እንዲያውም ያዳነው። የሰዎቹ ሳቅ ግን አነደደው። ወደ ጓሮ ወጣ። የዲሹ ባዶ ካርቶን መሬት ላይ ወድቆ ነበር፤ ባለ በሌለ ኃይሉ ለጋው። ካርቶኑ ከአጥሩ ተላትሞ ተመለሰ። ደግሞ ለጋው።

"ምን አደረገህ ካርቶኑ?" ማቢዮር ተከትሎት ወጥቷል። ማቢዮር የዲንካ ልጅ ነው፤ ኢታንግ የስደተኞች ካምፕ ተወልዶ አዲስ አበባ ያደገ፣ ቁመቱ ያለ መሰላል ጣሪያ የሚያስነካው። መሰላል የሚያስፈልገው ተካልኝ ስለሆነ አብረው ይሠራሉ። ደግሞም እንግሊዝኛ ያነባል።

"ዋሸኝ ያ ነጋዴ! ሌባ! 'ለሱዳን የሚበቃው ስንት ነው?' ስለው ይሄን አሳየኝ!" ካርቶኑን አንስቶ ፊቱ ላይ ደቀነለት። በዐረብኛም በእንግሊዝኛም በትልቁ ተጽፏል፤ ሱዳን፣ ዘጠና ሳንቲ ሜትር። "እየው! ቁጥር ማንበብ አላውቅም እንዴ? ዘጠና ይላል! ዘጠና ነው የገዛሁት! ወይስ ጁባ ሱዳን አይደለችም?"

"እስከ የዛሬ ሳምንት ናት" አለ ማቢዮር። ካርቶኑን ተቀብሎ ገለበጠው። "ከጀርባው ያለውን አይተኸዋል?"

"ምን አለው?"

"ካርታ።"

ተካልኝ ካርቶን ገልብጦ የሚያይ ሰው አይደለም። ተጠግቶ አየ። መዳፍ የምታህል ካርታ ናት፤ ላይዋ ላይ እንደተከተፈ ሽንኩርት ክብ በክብ ውስጥ ተስሏል። በየክቡ ቁጥር አለ፤ ስድሳ፣ ሰባ አምስት፣ ዘጠና፣ መቶ ሃያ፣ መቶ ሰማኒያ።

"ሳተላይቱ የሚያበራበት ነው" አለ ማቢዮር። "ቁጥሩ የዲሹ ልክ ነው። ካርቱም ይቻትና፣ ሰባ አምስት ውስጥ ተንፈላሳለች።"

"አዲስ አበባስ?"

"እዚህ ጋ ክቡ እንደ ቦርጭ ወጣ ይልና አዲስ አበባን ያቅፋታል። ዘጠና።"

"ጁባስ?"

የማቢዮር ረጅም ጣት ወደ ታች ወረደ። ሰባ አምስቱን አለፈ። ዘጠናውን አለፈ፤ የዘጠናው ክብ ኢትዮጵያን ካቀፈ በኋላ እንደ ፈራ ሰው እጥፍ ብሎ ወደ ሰሜን ተመልሷል። መቶ ሃያውን አለፈ። "ጁባ አልተጻፈችም" አለ።

"እንዴት አልተጻፈችም?"

"አልተጻፈችማ! እንደው ካለች ግን እዚህ ጋ ናት።" ጣቱ ያረፈው የመጨረሻው ክብ ላይ ነው። "መቶ ሰማኒያ። እሱም ደመና ከሌለ።"

ተካልኝ የራሱን ጣት በክቦቹ ላይ አስኬደ። ከዚያ ቁልጭ ብሎ ገባው፤ ሊገባው የሚችለው ደግሞ በሆዱ ነው። ትሪ ላይ ወጥ የሚፈሰው መሐል ላይ ነው። መሐሉ አጠገብ የተቀመጠ በትንሽ ቁራሽ አጥቅሶ ይጠግባል። ወደ ዳር ሲኬድ ወጡ ይሳሳል፣ ይሳሳል፣ ጠርዙ ላይ ደረቅ እንጀራ ብቻ ይቀራል። ጠርዝ ላይ የተቀመጠ ሰው ትልቅ ቁራሽ ይዞ ትሪውን ካልጠረገ ቅምሻም አይደርሰው። ዲሹ ማለት ያ ቁራሽ ነው። ከሰማይ ሆኖ ወጡን የሚያፈሰው ሰውዬም ዝም ብሎ አያፈስም፤ ሂሳብ የሚከፍሉት ወዳሉበት እያዘነበለ ነው። ጁባን ማን ይከፍልላታል?

"ነጋዴው አልዋሸህም" አለ ማቢዮር። ይስቃል፣ ግን ሳቁ ውስጥ ሳቅ የለም። "ሱዳን ሲሉ ሁሌም ካርቱም ማለታቸው ነው። መንገድም ሲሉ፣ መብራትም ሲሉ፣ ሆስፒታልም ሲሉ። እኛ ሃያ ምናምን ዓመት ሞተን የዛሬ ሳምንት ልንገነጠል ነው፤ ሳተላይቱ ግን እየው፣ ድሮ ገንጥሎ ጨርሷል!"

"የተማረ ሰው ነው ይሄን ክብ የሳለው?"

"ኢንጅነር።"

"የተማረ ሰው ይሄን ከሠራ እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ መቆሜ ትክክል ነበር!" ተካልኝ ካርቶኑን ቀማው፤ ሊቀደው ፈለገ፣ አልተቀደደም። ካርቶኑ እንኳ ናቀው። በነጋዴው ተናደደ፣ በኢንጅነሩ ተናደደ። ከሁሉ በላይ ግን ያናደደው አንድ ነገር ነው፤ ካርቶኑ ሦስት ቀን ሙሉ እጁ ላይ ነበር። አንዴ ቢገለብጠው ኖሮ...

"አሁን መቶ ሰማኒያ ከየት ይመጣል?" አለ ማቢዮር።

መልሱን ሁለቱም ያውቁታል። ቀስ ብለው ዞረው አጥሩን አዩት።

ከቆርቆሮ አጥሩ ማዶ የከፍያለው ባር ነው። ከባሩ ጣሪያ አጠገብ፣ የሲሚንቶ ምሰሶ ላይ፣ አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ ትልቅ የሽቦ ወንፊት የመሰለ ዲሽ ተቀምጧል። ሁለት ሜትር ከአርባ፤ የሚያየውም ያንኑ ሳተላይት ነው። ተካልኝ በሄደ በመጣ ቁጥር ያላግጥበት ነበር፤ "ሰውዬው ጤፍ ሊነፋበት ነው!" ይል ነበር።

አስረሳሽና ከፍያለው ከተዘጋጉ ሁለት ዓመታቸው ነው። ያጣላቸው የከፍያለው ጀነሬተር ነው፤ ጭስ ማውጫው ቀጥታ ወደ እሷ ወጥ ቤት ነበር የሚተፋው። ለመነችው፣ አልሰማም። አንድ ቀን የጭስ ማውጫውን በእርጥብ ማቅ ጠቀጠቀችው፤ ጀነሬተሩ ታንቆ ቀረ። ሽማግሌ ተቀመጠ። ከፍያለው ሽማግሌዎቹ ፊት ተነስቶ "ይቺ ሴት በምኗ ነው የምትኮራው? ልጇን እንደሆነ በቢራ ገንዘብ ነው የምታስተምራት። ነገ ተመርቃ እዚሁ መጥታ ቢራ ትቀዳለች፤ ያን ጊዜ እናያለን!" አለ። አስረሳሽ ተነስታ ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ቃል አልተናገረችውም። ስሙን ያነሳ ሰው ከምግብ ቤቷ ሳይበላ ይወጣል።

ተካልኝም ከዚያ ባር ተባርሯል። ለሁሉም ቴሌቪዥንና ሪሲቨር የሚሠራ ሪሞት ኪሱ ውስጥ ይዞ፣ ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ ሲል ከመስኮት ውጪ ሆኖ ጣቢያ ይለውጥባቸው ነበር። ሦስተኛው ቀን ላይ ተያዘ። ከፍያለው ጠርሙስ ይዞ እስከ ዋናው መንገድ አሯሯጠው፤ ሪሲቨሩንም ሪሞት እንዳይደርስበት የብረት ሳጥን ውስጥ ቆለፈው።

"ሄደን እንጠይቀው" አለ ማቢዮር።

"እሷ ከሱ ከምትለምን ሌላውንም እግሯን ብትሰብር ትመርጣለች።"

"ታዲያስ?"

ተካልኝ የሁለቱን ጣሪያ አየ። ክንድ አይራራቁም። የከፍያለው ኬብል ከዲሹ ወርዶ ጣሪያው ላይ እንደ እባብ ተኝቷል። ፈገግ አለ፤ ንዴት ላይ ሆኖ የሚፈገገው ፈገግታ ከሁሉ የከፋው ነው።

"እንዳታስበው" አለ ማቢዮር።

"አስቤዋለሁ።"

"ሃራሚ፣ ሌባ ትባላለህ።"

"ሲግናል አይሰረቅም። ብትወስደውም አይጎድል። ፀሐይ ሞቅክ ብሎ የከሰሰህ አለ?"

"ቢያበራስ? ጣቢያ ቢቀይርስ?"

እሱ ነው ችግሩ። የዲሹ ዓይን አንድ ነው። ጣቢያዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ባለ ሙያዎቹ "የቆመ" እና "የተኛ" ይሏቸዋል። ዓይኑ በአንድ ጊዜ የሚያየው አንዱን ዓይነት ብቻ ነው፤ የትኛውን እንደሚያይ የሚያዘው ሪሲቨሩ በሚልክለት ቮልት ነው። ሁለት ሪሲቨር ለሁለት ከተሳሳቡት ደግሞ ባለ ትልቅ ቮልቱ ያሸንፋል፤ እንደ ማንኛውም አገር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ባለ ትንሹ ቮልት ነው።

"ከፍያለው ከስድስት ሰዓት በፊት ጀነሬተር አያስነሳም" አለ ተካልኝ። መሰላሉ ላይ ወጥቷል። "እኛ እስከዚያ ጨርሰናል። ሩጥና ስፕሊተሩን ከቦርሳዬ አምጣ። ለማንም አንዳች ቃል እንዳትተነፍስ! ለሷ በተለይ!"

በሆዱ ተሳበ። የከፍያለውን ኬብል ቆርጦ በጥርሱ ላጠው፣ በመሐሉ አንዱን ገመድ ለሁለት የሚከፍለውን ስፕሊተር አስገባ፣ የራሱን ገመድ በአጥሩ ላይ አሳልፎ ወደ ኮንቴይነሩ ጣሪያ አወረደ። ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ ያቃጥለዋል። የመጨረሻውን ጫፍ ሰካው።

ጓ! ጓ!

ሁለት ምት። ከዚያ እልልታ። ተካልኝ ጣሪያው ላይ በጀርባው ተዘረረ።

ሲወርድ አስረሳሽ ወደሱ አልዞረችም፤ ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ተተክሏል። አዳራሽ፣ አበባ፣ ጥቁር ጋዋን የለበሰ ወጣት በረድፍ በረድፍ። ሥዕሉ ጥርት ብሏል። "ይኸው!" አለች። "ድሮስ ካልሰደቡህ መቼ ትሠራለህ? ሂድ፣ ሥጋ ብላ።"

አልበላም። በሩ አጠገብ ቆመ። የሆነ ሰውዬ ንግግር ጀመረ። ንግግሩ አያልቅም። ሌላ ሰውዬ ተተካ፤ እሱ ደግሞ የመጀመሪያውን ሰውዬ አመሰገነ። ሰዓቱ አራት ተኩል ሆነ። አምስት ሆነ።

"ውሃ ነው እንዴ የሚያፈሱት!" ብሎ ተካልኝ አጉረመረመ። "ልጆቹን ጥሩና ልቀቁን!"

"አንተን ምን አስቸኮለህ?" አለች አስረሳሽ።

በመጨረሻ አንዲት ሴት ወረቀት ይዛ ድምፅ ማጉያው ፊት ቆመች። "አሁን በየትምህርት ክፍሉ ከፍተኛ ውጤት ያመጡ የሜዳሊያ ተሸላሚዎችን..." አስረሳሽ እግሯን ከሳጥኑ ላይ አወረደች። ቤቱ ጭጭ አለ።

በዚያ ጭጭታ ውስጥ ከአጥሩ ማዶ አንድ ድምፅ መጣ። ዱግ። ዱግ። ዱግዱግዱግዱግ።

የከፍያለው ጀነሬተር፤ ዛሬ ከስድስት ሰዓት በፊት።

ተካልኝና ማቢዮር ተያዩ። "ከመካኒካል ኢንጅነሪንግ..." አለች ሴትየዋ። አንድ ጎረምሳ ወጣ፣ አንገቱን ጎንበስ አደረገ። "ከኤሌክትሪካል ኢንጅነ..."

ሰማያዊ።

ከአጥሩ ማዶ ሆታ ተሰማ። ሬስሊንግ ነው። ሱሪ የሌላቸው ሁለት ሰዎች ይደባደቡ ዘንድ ስድስት ዓመት የተጠበቀች ልጅ ጠፋች።

አስረሳሽ አልጮኸችም። የሚያስፈራው እሱ ነው። ቀስ ብላ ዞረች። "ተካልኝ" አለች፤ በስሙ። "ምን አደረግክ?"

ማቢዮር ጆሮው ላይ ጎንበስ አለ። "ያላ ተኬ፣ ሞተር ሳይክላችን በር ላይ ነው። ከላስ፣ አበቃ፣ እንውጣ።"

ተካልኝ በሕይወቱ የማይጥሳት አንዲት ሕግ አለችው፤ ጥፋት ከመሥራትህ በፊት መውጫህን እይ። መውጫው ክፍት ነው፣ ቦርሳው እዚያው በር ላይ ነው፣ ሞተሩም ይነሳል። ሪሞቱ ኪሱ ውስጥ ነው፤ ግን ያቺ የብረት ሳጥን! በራሱ ጦስ የመጣች ሳጥን። በሁሉም ነገር ላይ የነበረው ንዴት ዞሮ እሱ ላይ ተቀመጠ።

ሮጠ። ወደ በሩ አይደለም። ወደ መሰላሉ።

ጣሪያ ለጣሪያ ተሻግሮ የከፍያለውን ቆርቆሮ በተረከዙ ደበደበው። "ጋሼ ከፍያለው! ጋሼ ከፍያለው! ጣቢያውን ይመልሱት!"

ከፍያለው ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወደ ግቢው ወጣ። ወፍራም፣ ቀይ፣ ጠዋትም የሚያልበው ሰው ነው። ቀና አለ። "አንተ! አንተ የሪሞት ሌባ! ጣሪያዬ ላይ ምን ትሠራለህ?"

"እሰርቃለሁ! ከዲሽዎ ኬብል ቀጥዬ ለእትዬ አስረሳሽ ወስጃለሁ። በኋላ ይግደሉኝ! መጀመሪያ ግን ጣቢያውን ወደ ኢትዮጵያ ይመልሱት፣ ልጅቷ ልትጠራ ነው!"

"የማን ልጅ?"

"ያውቋታል የማን እንደሆነች!"

ከፍያለው ፊቱ ተለዋወጠ። ፎጣውን ከትከሻው አውርዶ እጁ ላይ ጠቀለለው። "ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው አደረገችኝ እንዴ? ዛሬ በኔ ዲሽ? እንግዲያው አፍ የላትም? ራሷ ትጠይቀኝ!"

ተካልኝ ወደዚህኛው ግቢ ዞሮ አየ። አስረሳሽ በአንድ እግሯ፣ በክራንቿ ተደግፋ አጥሩ ሥር ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች።

"በማን ዲሽ ነው ስታሳየኝ የነበረው?" አለችው።

"በሱ።"

"በሱ ዓይን ነው ልጄን ልታሳየኝ የነበረው?"

"የኛ አይደርስም እትዬ! ክቡ እኛን ትቶናል! ካርቶኑን አልገለበጥኩትም፣ ጥፋቱ የኔ ነው! ልንቀለው? ንቀል ካሉኝ አሁን እነቅለዋለሁ!"

አጥሩን ታየዋለች። ፊቷ ሊያለቅስ የሚል ሳይሆን ሊማታ የሚል ሰው ፊት ነው። ክራንቿን አነሳችና ቆርቆሮውን በሙሉ ኃይሏ መታችው። አጥሩ ከዳር እስከ ዳር ጮኸ።

"ከፍያለው!"

ሁለት ዓመት ያልጠራችው ስም ነው። ከማዶ ጀነሬተሩ ዱግዱግ ይላል።

"ቢራ ትቀዳለች ያልካት ልጅ ናት! ሽማግሌ ፊት! ትሰማለህ? አልለመንኩህም፣ አልለምንህምም! እያት ነው የምልህ! ቁጭ በልና በገዛ ቴሌቪዥንህ እያት! ወንድ ከሆንክ እያት!" ድምፇ ተሰነጠቀ። "ልጄን መልስ!"

ከፍያለው ግቢው መሐል ተገትሮ ቀረ። ተካልኝ ከላይ ሆኖ ራሰ በራው ላይ ላብ ሲወርድ ያየዋል። ሰውዬው ፎጣውን መሬት ላይ ወረወረው፣ የማይሰማ ስድብ ተሳደበ፣ ወደ ውስጥ ገባ። የቁልፍ ድምፅ። የሳጥን ድምፅ። ከዚያ የሬስሊንግ ተመልካቾች ጩኸት፤ "ኧረ ምንድነው! መልሰው! ጋሼ!"

"ዝም በሉ!" ብሎ አንባረቀ ከፍያለው። "ቤቱ የኔ ነው! ያልተመቸው ይውጣ!"

"መጣ!" አለ ማቢዮር ከታች። "መጣ ተኬ! እትዬ ይግቡ፣ ይግቡ!" ክራንቹ ሲሮጥ ተሰማ፤ ክራንች እንደዚያ ሲሮጥ ተካልኝ ሰምቶ አያውቅም።

እሱ ግን አላየም። ሁለት ጣሪያ መሐል ተንጠልጥሎ፣ ስፕሊተሩን በእጁ ደግፎ ነበር፤ ሥሩ ከላላ ሥዕሉ እንደሚጠፋ ያውቃል። መስማት ብቻ ነው የሰማው። የልጅቷ ስም ከሁለቱም ቤት፣ በግራም በቀኝም ጆሮው እኩል ገባ።

"...ፀሎት ምንያህል!"

በዚህኛው በኩል ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። ከዚያ የከፍያለው ቴሌቪዥን ድምፅ ከፍ አለ። ደግሞ ከፍ አለ፤ ጭብጨባው ጣሪያውን እስኪያስነዝረው።

"ምን አባቷ ነው ያከሳት?" አስረሳሽ ትጮኻለች። "ምን አበላቻት ያቺ እህቴ? አንገቷን እዩት! የወርቁ ክብደት ይሰብራታል!"

ጓ። ጓ።

ቀስ ብለው የተመቱ ሁለት ምቶች።

"ተኬ!" ማቢዮር ከታች ብቅ አለ። ዓይኑ ቀልቷል፣ ግን አፉ አላረፈም። "ኤሌክትሪካል አይደለም የተማረችው? ይንገሯት፣ የሚቀጥለውን ክብ ስትስል ጁባን እንዳትረሳ! ናና ውረድ፣ ሥጋው አለቀ!"

በማዶው በር ከፍያለው ወጣ። ፎጣውን ከመሬት አንስቶ አራገፈ፣ ግንባሩን ጠረገበት፣ ቀና ብሎ አየው። "አንተ ሌባ" አለ። ድምፁ ጎርንኗል። "አልጨረስንም። ና ውረድ።"

ሁለት መሰላል አለ። በአስረሳሽ በኩል ያለው ሥር ጥብስ ይሸታል፣ ሰው ይዘፍናል፣ በሩ ላይ ሞተር ቆሟል። በከፍያለው በኩል ያለው ሥር ከፍያለው ራሱ ቆሟል።

ተካልኝ ከኪሱ ጥቁር ፕላስተር አወጣ። ከሰዓት በኋላ ዝናብ አይቀርም። የቆረጠውን የሰውዬውን ኬብል፣ ስፕሊተሩ ላይ የገባበትን ቦታ፣ ውሃ እንዳያስገባ ሦስት ጊዜ አጥብቆ ጠቀለለው። ሪሞቱን ከሌላኛው ኪሱ አውጥቶ ወደ ማቢዮር ወረወረለት።

ከዚያ እየተራገመ፣ በከፍያለው በኩል ባለው መሰላል ወረደ።